ቤቱ አየር እንዳያፈስ

ይህ ጽሑፍ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለሰፈር ነዋሪዎችና ለተማሪዎች፣ ጨረቃ ላይና ጠፈር ውስጥ ስለሚሠራ መኖሪያ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እጅ ነሥቻለሁ። ተማሪዎች፣ እንኳን መጣችሁ። ከኮዬ ፈጬና ከገላን ድረስ በታክሲ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስገባ አንድ አባት ርዕሱን አይተው፣ “ልጄ፣ እኛ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን አንተ የጨረቃ ቤት ልትነግረን ነው?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በክብር ልመልስላቸው እፈልጋለሁ። አዎ አባቴ፣ የጨረቃ ቤት ልነግራችሁ ነው። ምክንያቱም የጨረቃ ቤት ትልቁ ጣጣ ውሃ ነው። ፍሳሽ ነው። አየር ነው። ጎረቤት ነው። ይህን ደግሞ ከእኛ ሰፈር ሰው በላይ ማን ያውቀዋል?

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ሮኬት ሠርቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከአርማታ፣ ከፌሮና ከቧንቧ ጋር ነው። ስለ ጠፈር መኖሪያ ማንበብ የጀመርኩትም በሙያዬ በኩል ነው። ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር እየገባኝ መጣ። እዚያ ያሉትን መሐንዲሶች እንቅልፍ የሚነሣቸው ጥያቄ እኔን ሳይት ላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ጥያቄ ነው። ያፈስሳል ወይ? ይሰነጠቃል ወይ? የሚገባበት ሰው ይመቸዋል ወይ? ከርክክብ በኋላ ማን ይጠግነዋል?

ዛሬ አራት ነገር አነሳለሁ። ስለ አየር፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ፣ በመጨረሻም አብሮ ስለ መኖር። በመሃል ወሬ ቢጎትተኝ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ሰው ከምድር ውጭ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በቀን 16 ጊዜ ያህል ይዞረናል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ተማሪዎች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል የሰው ልጅ ሁሉ ምድር ላይ ብቻ የነበረበትን ቀን ያየ አለ? አንድም የለም። እናንተ ስትወለዱ እዚያ ላይ ሰው ነበር። ቻይናም ቲያንጎንግ የሚባል የራሷ ጣቢያ አላት፤ ሦስቱ ዋና ክፍሎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ተገጣጥመው አልቀዋል። ስለዚህ “ይቻላል ወይ?” የሚለው ጥያቄ አልፏል። የቀረው “እንዴት አድርጎ? ለማን?” የሚለው ነው።

እሺ፣ አንደኛ። አየር።

እኛ ቤት ስንሠራ የምንፈራው ምንድን ነው? ክብደት ነው። ኮለኑ፣ ቢሙ፣ መሠረቱ፣ ሁሉም የሚለፋው ቤቱ ወደ ታች እንዳይመጣ ነው። ጨረቃ ላይ ግን ስበቱ የምድር አንድ ስድስተኛ ነው። ክብደቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ውስጥ ያለው አየር ነው። ውጭው ባዶ ነው። ውስጡ ደግሞ ሰው የሚተነፍሰው አየር ሞልቶታል። ያ አየር መውጣት ይፈልጋል። በባህር ወለል ግፊት ካሰላነው እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ10 ቶን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል።

አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች መኝታ ቤት አስቡ። ጣሪያዋን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 160 ቶን ነው። 160 ቶን! የትኛው ብሎኬት ይችለዋል? የትኛው ቆርቆሮ? ለዚህ ነው የጠፈር ቤት ክብ ወይም ድብልብል ሆኖ የሚሠራው። እንደ ተነፋ የመኪና ጎማ ነው፤ ግፊቱን ዙሪያውን እኩል ያካፍለዋል። ማዕዘን አይወድም፤ ማዕዘን ላይ ግፊቱ ተጠራቅሞ ይቀደዳል።

አሁን ደስ የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ያለንበት ቦታ ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ያቺው መኝታ ቤት በእኛ ሰፈር አየር ብትሞላ ጣሪያዋን የሚገፋው ኃይል ወደ 120 ቶን ይወርዳል። 40 ቶን ቀለለ! ግድግዳው ሊሳሳ ይችላል፣ ከምድር የሚጫነው ዕቃም ይቀንሳል። ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የናሳ መሐንዲሶችም ለጨረቃ ጉዞ ዝቅ ያለ ግፊት አጥንተዋል። ከባህር ወለሉ ከግማሽ ትንሽ በለጥ የሚል፣ ኦክስጅኑ ግን ወደ 34 በመቶ ከፍ ያለ አየር ነው። ጥቅሙ ጠፈርተኛው የውጭ ልብሱን ለብሶ ለመውጣት ረጅም ሰዓት መዘጋጀት አይኖርበትም። ጉዳቱ ደግሞ ኦክስጅን ሲበዛ እሳት ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1967 አፖሎ 1 ውስጥ፣ ገና መሬት ላይ እያሉ፣ ሦስት ጠፈርተኞች በእሳት ሞተዋል። ውስጡ የነበረው ንጹሕ ኦክስጅን ነበር።

እና እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። ቤቱ የሚለካው በማን ሳንባ ነው? ባህር ዳርቻ የተወለደ ሰው ብቻ ነው እንዴ ወደ ጠፈር የሚሄደው? የኢትዮጵያ ደጋ ሰዎች ሰውነት ስስ አየርን እንዴት እንደሚችል ተመራማሪዎች አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ደገኞቻችን ሂሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ሆነ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ወለል ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ መገኘቱን ጽፏል። ይህን ዝም ብለን ልናልፈው ይገባል? የእኛ ልጆች ንድፍ ከሚወጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቢኖሩ ይህን ጥያቄ ማን ይረሳው ነበር?

ስለ አየር ሳልጨርስ አንድ የሳይት ታሪክ ላውራላችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። የማን ሳይት እንደሆነ አልናገርም። የመታጠቢያ ቤት ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውሃ ይሞላበትና አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ከታች ባለው ቤት ጣሪያ እርጥበት መውጣት አለመውጣቱ ይታያል። ኮንትራክተሩ “ጊዜ የለንም” አለ። እኔ ሳይፈተሽ አልፈርምም አልኩ። ከእኔ በላይ ያለ ሰው ፈረመ። ሴራሚኩ ተነጠፈ፣ ቤቱ ተመረቀ። ክረምቱ ሳይወጣ ከታች የገቡት እናት ሳሎናቸው ውስጥ ባልዲ ደቅነው ይኖሩ ጀመር። “ልጄ፣ ከላይ ያሉት በታጠቡ ቁጥር እኔ ቤት ይዘንባል” አሉኝ።

እዚህ ውሃ ሲያፈስ ባልዲ ይደቀናል። እዚያ አየር ሲያፈስ ምን ይደቀናል?

እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የሶቪየት ጠፈርተኞች፣ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳየቭ፣ ሳልዩት 1 በተባለው የመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ ሦስት ሳምንት ያህል ኖሩ። ሥራቸውን በሚገባ ፈጽመው ተመለሱ። ሲመለሱ መንኮራኩሯ ውስጥ ያለች አንዲት ቫልቭ ያለ ጊዜዋ ተከፈተች። አየሩ ወጣ። መንኮራኩሯ ካዛኪስታን ላይ በሰላም አረፈች፤ ሰዎቹ ግን በሕይወት አልነበሩም። አንዲት ቫልቭ! እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከጠፈር ጣቢያው ጋር በተያያዘች ሶዩዝ የተባለች የሩሲያ መንኮራኩር ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ቀዳዳ ተገኘች። እዚያው ያሉት ሰዎች ፈልገው አገኟት፣ ኢፖክሲ በሚባል ማጣበቂያ ደፈኗት፣ ተረፉ። ልዩነቱን አያችሁ? ነዋሪው በእጁ ሊደርስበት የሚችል ግድግዳ፣ በእጁ ሊጠግነው የሚችል ቤት። ተማሪዎች፣ ነገ ንድፍ ስታወጡ ይህን አደራ። ግድግዳውን በዕቃ አትድፈኑት። ቧንቧውን ማንም በማይደርስበት አትቅበሩት።

ሁለተኛ፣ አፈር።

ጨረቃ ላይ አየርም የለም፣ ምድርን የሚጠብቃት ዓይነት መግነጢሳዊ ጋሻም የለም። ስለዚህ ጨረር በቀጥታ ይመጣል። የቻይና መንኮራኩር ቻንግኧ 4 ጨረቃ ላይ ሆና ለክታዋለች፤ ከምድር ገጽ 200 እጥፍ ገደማ ነው። ይህን የሚከላከለው ምንድን ነው? ወፍራም አፈር። ቤቱን ሁለት ሦስት ሜትር አፈር ማልበስ ነው። ከምድር ሲሚንቶ ጭኖ መሄድ የማይታሰብ ወጪ ነው፤ የሚያዋጣው እግር ሥር ያለው ነው።

አያቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቤት ሲሠሩ አጠገባቸው ሆኜ አይቻለሁ። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ይቦካል። ወዲያው አይለጠፍም፤ ይቆያል፣ ይብላላል። ከዚያ ማገሩ ላይ ይመረጋል። ከሩቅ የመጣ ነገር አንድም የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስለ ጭቃ ያስተማረኝ መምህር አልነበረም። ሲሚንቶና ብረት ብቻ። ታዲያ ስንት ዓመት ቆይቼ ስለ ናደር ካሊሊ ሳነብ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ካሊሊ ኢራናዊ አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። የአገሩን የጭቃ ቤት ጥበብ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ጨረቃ ሰፈሮች በተደረገ የናሳ ጉባኤ ላይ፣ የጨረቃን ቤት በጨረቃ አፈር እንሥራ ብሎ ሐሳቡን አቀረበ። ከዚያ ረጃጅም ከረጢቶችን በአፈር እየሞሉ በመደራረብ ጉልላት ቤት የመሥራትን ዘዴ አስፋፋ። የአያቶቹን ጭቃ ይዞ ነው ወደ ናሳ የሄደው። እኛስ የአያቶቻችንን ምን አደረግነው?

ማርስ ላይ ደግሞ ድኝ ብዙ አለ። ድኝ በ120 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ከአፈር ጋር ተደባልቆ ሲቀዘቅዝ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ አርማታ ይሆናል። ይህ ምድር ላይም የሚሠራበት ነው። እኛ ደግሞ ዳሎል አለን። ስለ ማርስ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ከአውሮፓ ድረስ ወደ ደናክል የሚመጡት ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ብለው ነው። ከእኛ ተማሪዎች ግን ስንቱ አይቶታል?

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ጨረቃ ላይ የጥንት እሳተ ገሞራ የተዋቸው ጉድጓዶችና ዋሻዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አንዱን ጉድጓድ መርምሮ፣ ጥላ ያለበት ክፍሉ 17 ዲግሪ አካባቢ እንደሚሆን አገኘ። ውጭው ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ጥላው ውስጥ 17 ዲግሪ! የአዲስ አበባ አየር ማለት እኮ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጠፈር ጣቢያ ውስጥ አንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል ተብሎ ይታሰባል። ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለንጽሕና። በእኛ ቋንቋ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአምስት ሰው ለአንድ ቀን ነው። እናቶች፣ ይህን ሒሳብ ታውቁታላችሁ። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው የውሃን ዋጋ መማር አያስፈልገውም።

ግን ያ ውሃ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚደፉት አይደለም። ሽንቱ፣ ላቡ፣ ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ሁሉ ተሰብስቦ ተጣርቶ ተመልሶ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ናሳ ከውሃው 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት እንደቻለ አስታወቀ። አትሳቁ ልጆች። የሚወጣው ውሃ እኛ ከምንጠጣው ብዙ ውሃ የጠራ ነው።

እዚህ ለመድረስ የተከፈለውን ዋጋ ስሙ። ማሽኑ ሥራ እንደጀመረ ተደፈነ። ምን ደፈነው? መሐንዲሶቹ ፈትሸው ያገኙት ካልሲየም ነው። ከየት መጣ? ከጠፈርተኞቹ አጥንት። ስበት በማይሰማበት አጥንት ሥራ ይፈታል፤ በወር አንድ በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳው አጥንት ካልሲየሙን በሽንት ያስወጣል። ያ ካልሲየም ማሽኑ ውስጥ ደለል ሆነ። ምድር ላይ ሲሞከር ያልታየ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ምድር ላይ ሽንቱን የሰጡት ሰዎች አጥንታቸው ጤነኛ ነበር። መፍትሔው የሚጨመረውን አሲድ መቀየር ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ስለ አጥንት፣ ሐኪሙ ስለ ቧንቧ ማወቅ አለበት። እያንዳንዱ በየራሱ ክፍል ተዘግቶ የሚሠራው ቤት የለም።

ስለ ስበት ካነሳሁ በአጭሩ ልበል። ቤቱን በማሽከርከር ስበትን የሚመስል ኃይል መፍጠር ይቻላል። በደቂቃ አንድ ዙር ብቻ እየዞረ የምድርን ያህል እንዲሰማ ግን የክቡ ግማሽ ስፋት 900 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1975 ናሳ ባዘጋጀው የክረምት ጥናት ስታንፎርድ ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ 10,000 ሰው የሚኖርበት፣ ከዳር እስከ ዳር 1.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀለበት ነድፈዋል። እስካሁን ወረቀት ላይ ነው። 10,000 ሰው! እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከዚያ የበለጠ ሰው ይኖራል።

ወደ ውሃና አየር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ስምንት ሰዎች ባዮስፌር 2 የተባለ ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ ለሁለት ዓመት ገቡና በሩ ተዘጋ። ውስጡ ደን አለ፣ እርሻ አለ፣ ትንሽ ባሕር ሳይቀር አለ። ሐሳቡ ምንም ሳይገባ ምንም ሳይወጣ መኖር ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ከ4,000 ሜትር በላይ ተራራ ላይ እንዳለ ሰው ደከሙ፣ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ከውጭ ኦክስጅን ተጨመረላቸው።

ምን በላው? እርሻው የበለጸገ እንዲሆን ፍግ የበዛበት አፈር ገብቶ ነበር። አፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ኦክስጅኑን እየተጠቀሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወጡ። ያ እዚያው ቢቀር ዕፅዋቱ መልሰው ኦክስጅን ያደርጉት ነበር። ግን ጠፋ። የት ገባ? አርማታው ውስጥ! ያልተለሰነው አርማታ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስቦ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ቀየረው። እኔ የአርማታ ሰው ነኝ። አርማታ ካርቦን እንደሚስብ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ እኛ የምንፈራው ፌሮውን እንዳያዝግብን ነው። ግድግዳ የሰው ትንፋሽ ሊነጥቅ እንደሚችል ግን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የሚቆም ግድግዳ የለም። ቀለሙ፣ ልስኑ፣ አፈሩ፣ ሁሉም ከነዋሪው ጋር ይተነፍሳል።

አራተኛ፣ አብሮ መኖር።

ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 ስድስት ሰዎች ማርስ እንደሚሄዱ ሆነው 520 ቀን ተዘግተው ቆዩ። ናሳም እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2024 አራት ሰዎችን፣ በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ ማሽን በተሠራ 160 ካሬ ሜትር የማይሞላ ቤት ውስጥ፣ 378 ቀን አኑሯል። የሚጠኑት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ማን አኮረፈ? ማን እንቅልፍ አጣ? ከማርስ አንድ መልእክት ምድር ለመድረስ እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ብትጣሉ ደውላችሁ የምታስታርቁት ሽማግሌ የለም። መልሱ እስኪመጣ ጠቡ አድጎ ይጠብቃችኋል።

እኛ ብሎክ ውስጥ ከላይ ያሉት እትዬ በጠዋት ቡና ይወቅጣሉ። ከታች ያለው ወጣት የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የሚተኛው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ ከረረ። ኮሚቴው ሰበሰበን፤ መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሙቀጫው ወደ ኮሚናሉ፣ ወደ ጋራ መገልገያችን፣ ወረደ። ኮሚናሉ ለምን እዚያ ኖረ? ንድፉን ያወጣ ሰው “ይህ ሕዝብ እንጀራ ይጋግራል፣ በግ ያርዳል፣ ቡና ይወቅጣል፣ ያለቅሳል” ብሎ አስቀድሞ ስላሰበ ነው። ያን ሰው አላውቀውም፤ ግን አመሰግነዋለሁ። በየሳይቱ ኮሚናሎቻችንን ለሱቅና ለመጋዘን እያከራየን ስንጨርሳቸው ሆዴን ይበላኛል።

ጠፈር ውስጥም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የመጠቀው ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ሲነደፍ መስኮት ማስገባት ትርፍ ወጪ ነው ያሉ ነበሩ። ሬይመንድ ሎዊ የሚባል ንድፍ አውጪ መስኮት ይኑር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ብቻውን የሚሆንባት ጥግ ትኑረው ብሎ ተከራከረ። መስኮቱ ገባ። ጠፈርተኞቹ ትርፍ ሰዓታቸውን እዚያች መስኮት ላይ ተደፍተው ምድርን ሲያዩ ያሳልፉ ነበር። አሁን ያለው ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2010 ሰባት መስኮት ያለው ክፍል ተጨምሮለታል። ሰው ቤቱን በካሬ ሜትር ብቻ አይኖረውም። የሚጸልይበት፣ የሚያለቅስበት፣ ቂሙን የሚያበርድበት ቦታ ይፈልጋል። ይህን ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ካላኖራችሁት በኋላ አይገባም። ጨረቃ ላይ ግድግዳ አፍርሶ በረንዳ መጨመር አይቻልም!

ወጣቶች፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው። ከቦንጋ ተነሥቶ ናሳ ድረስ የሠራውን ዶክተር ቅጣው እጅጉን አስቡ። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የቆሙትን ሁለት ቴሌስኮፖች ሄዳችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የመጀመሪያ ሳተላይታችን ከቻይና መምጠቋንም አስታውሱ። ሮኬት እስክንሠራ ግን አንጠብቅ። ውሃ ማጣራት ሮኬት አይፈልግም። አፈር መፈተሽ ሮኬት አይፈልግም። የተዘጋ ክፍል አየር መለካት ሮኬት አይፈልግም።

እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። በየብሎካችሁ በሳምንት ስንት ጀሪካን ውሃ እንደምንጠቀምና ስንቱን እንደምንደፋ እንመዝግብ። ከልብስ አጠባ የሚወጣውን ውሃ በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል አጣርተን ኮሚናሉ ጀርባ ጎመን እናጠጣበት። ጎን ለጎን በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አፈርና ተክል አድርገን አየሩን እንከታተል። እኔ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እመጣለሁ። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ነው። ሴቶች ልጆች፣ እናንተ ቅደሙ። እናቶችም ተመዝገቡ፤ የውሃውን ሒሳብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ወንበር ጠፍቶ ከኋላ ቆመው ከሰሙት እንጀምር። ማይኩን አሳልፉላቸው።